የአባዬ ምርኩዝና የእኔ ግራጫ ሻንጣ

ዛሬ ያደረግኩትን ጉድ ነገ ከቢሮ ሰዎች ከምትሰሙት፣ ዛሬውኑ ከራሴ አፍ ስሙት ብዬ ነው።

አዎ፣ ሻንጣው ነው።

ያ ግራጫው! ባለፈው ሳምንት ሁለት ፎቶ ለጥፌ «አውሮፕላን ውስጥ በእጅ ለመያዝ የቱ ይሻላል፣ ግራጫው ወይስ ሮዙ?» ብዬ ስጠይቃችሁ፣ «ግራጫው! ግራጫው!» እያላችሁ ኮሜንቱን ያጥለቀለቃችሁት። አሁን የት ናችሁ?

እሺ፣ እናንተን ልተዋችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባዬን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በማንጎ ወቅት ፎቶውን የምለጥፈው፣ ኮፍያ የማያወልቀው ሽማግሌ። ከወሎ በደርግ ጊዜ በሰፈራ የመጣ ሰው ነው። እኛን ያሳደገን ባምባሲ አጠገብ፣ ስም በሌላት፣ ቁጥር ብቻ ባላት መንደር እያረሰ ነው። ከመጣ ወዲህ ወሎን በዓይኑ አላየም።

ለምን እንዳትሉኝ። መጀመሪያ ላይ መመለስ አይፈቀድም ነበር። ከዚያ እኛ ተወለድን። ከዚያ እርሻው፣ ከብቱ፣ የእናቴ ሕመም። ከዚያ ደግሞ የመንገዱ ፀጥታ ነገር፣ እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። እንዲህ እንዲህ ሲባል አርባ ዓመት አለፈ።

ወሎ የቀረችው እህቱ ናት። እታለም ይላታል። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ሕፃን ስለነበር፣ አዝላም አብልታም ያሳደገችው እሷ ናት። ስልክ ስትደውል ቆሞ ነው የሚያናግራት። እውነቴን ነው! ድምጿን ሲሰማ ከመደቡ ይነሳና እስክትጨርስ አይቀመጥም።

ከወር በፊት የእታለም ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለ። እናቱ ወድቃ ዳሌዋን ተጎድታ፣ ለሕክምና እሱ ቤት አምጥቷታል። አሁን መቆም ጀምራለች፣ ግን ያለ ድጋፍ አትራመድም። «አንተን አንተን ትላለች፣ ብትመጣ ጥሩ ነው» አለው።

አባዬ ስልኩን ዘጋ። በማግስቱ ጠዋት ገጀራውን ይዞ ሽመል ፍለጋ ወጣ።

የእኛን አገር ሽመል ለማታውቁ፣ ቀርከሃ ነው፣ ግን ውስጡ ድፍን ነው። ሰው ቢደገፈው አይከዳም። አባዬ ስንቱን ጥሎ አንዱን መረጠ። በእሳት እየለበለበ አቃናው። እጀታውን አጎበጠው። በጠርሙስ ስባሪ ፋቀው፣ ቅቤ ቀባው፣ እንዳያንሸራትታት ደግሞ ከሥሩ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ መታበት። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ልኩን የወሰደው በራሱ ደረት ነው። «እታለም ረጅም ናት» አለኝ። «ስንለያይ እኔ ገና ልጅ እግር ነበርኩ፣ ትከሻዋ ድረስ። አጭር ምርኩዝ ያጎብጣታል።»

እንግዲህ አባዬ ይህን ሲሠራ፣ እኔ ምን እየሠራሁ ነበር?

ቪዲዮ እያየሁ!

አንዲት ሴት ኤርፖርት ውስጥ ግራጫ ሻንጣ በሁለት ጣቷ እየጎተተች፣ ፀጉሯ ሳይነካ፣ ላብ ሳይነካት ስታልፍ አየኋት። እኔም እንደሷ መጎተት አማረኝ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፣ ለምን እዋሻለሁ። በቤተሰብ ስንሳፈር ይህ የመጀመሪያችን ነው። እኔ፣ ባለቤቴ ሙሉጌታ፣ ልጃችን ሶልያና፣ እና አባዬ። ፎቶ እንነሳለን ብዬ ነበር።

የምኖርባት አሶሳ ገበያ፣ አቶ ሐሚድ ሱቅ ሄድኩ። አቶ ሐሚድ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፣ ሻንጣ ሲሸጥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው። ሜትር ይዤ ግራጫውን ከላይ እስከ ታች ለካሁት። ልክ የተፈቀደው ቁመት። ደስ አለኝ።

አቶ ሐሚድ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «እህቴ፣ ጎማውም ለካ» አለኝ በበርታ አማርኛው።

«ጎማ አይቆጠርም» አልኩት።

«ወላሂ ይቆጠራል» አለኝ።

እኔ ደግሞ ለሰው የማስተማር አባዜ አለብኝ። ሻንጣ ማለት ዕቃ የሚገባበት ነው፣ ጎማ ውስጥ ዕቃ አይገባም፣ ስለዚህ አይለካም ብዬ አስረዳሁት። እሱም እሺ ብሎ ሸጠልኝ። ምን ያድርግ?

አሁን ወደ ትናንት እንምጣ።

አሶሳ ውስጥ አውሮፕላን ሊሳፈር መሆኑ የተሰማበት ሰው የራሱ ዕቃ አይኖረውም። መልእክት ነው የሚጭነው። ጎረቤት ለልጇ ማር፣ የቢሮ ጓደኛ ለእህቷ ሰሊጥ፣ አለቃዬ ደግሞ ለአማቱ ሁለት ካርቶን ማንጎ። እምቢ ማለት አይታሰብም። አለቃዬ ራሱ እዚያው በረራ ላይ ነበር፣ የእሱ ኪሎ ሞልቶበት ነው ለእኔ የሰጠኝ። ለአራታችን የተፈቀደልን የዕቃ ኪሎ በሰው ዕቃ አለቀ።

አባዬ ከባምባሲ የመጣው ትናንት ነው። በአንድ እጁ አንዲት ትንሽ ማዳበሪያ፣ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ ምርኩዝ።

ምርኩዙን ግራጫው ሻንጣ ውስጥ በቁመት ሞከርኩት፣ አልገባም። በሰያፍ ሞከርኩት፣ ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ውጭ ተረፈ።

በእጁ ይያዘዋ! እንደምትሉ አውቃለሁ። ሙሉጌታም ያንኑ ነው ያለው።

እኔ ግን ኤርፖርቱን በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት። አለቃዬና ሚስቱ ቆመው፣ እኔ ግራጫ ሻንጣዬን በሁለት ጣቴ እየጎተትኩ፣ ከኋላዬ ደግሞ አባቴ ማዳበሪያ ተሸክሞ፣ ረጅም ዱላ ይዞ።

አፈርኩበት። ይኸው ጻፍኩት። በአባቴ አፈርኩ።

ለራሴ ግን እንደዚያ አላልኩም። ባለፈው ሳምንት አባቴ ምርኩዝ እንደሚይዝ ሳነሳ፣ ከእናንተ አንዱ ኮሜንት ላይ «ዱላ አያሳልፉም፣ ይወስዱባችኋል» ብሎ ጽፎ ነበር። እሱን ይዤ ሙጭጭ አልኩ። አንድ ስልክ ደውዬ አልጠየቅኩም። መልሱን ፈርቼ ነው መሰለኝ።

አባዬ ከሰዓት በኋላ ፀጉሩን ሊስተካከል ወጣ። እታለም ጎፍሮ እንዳታየው ብሎ።

ከጎረቤት መጋዝ ተዋስኩ።

ሙሉጌታ «እሳቸውን ጠይቂያቸው» አለኝ። ቁረጥልኝ ስለው «እኔ እጄን አላስገባም» ብሎ ሳሎን ገባ። እኔው ጎማውን ከሥሩ ነቀልኩ፣ ሁለት ስንዝሯን ቆረጥኩ፣ ጎማውን መልሼ መታሁ። ድፍን ስለሆነ ለመቁረጥ አስቸገረኝ። ሲያልቅ ግን እጀታው ያው፣ ጎማው ያው፣ ማን ያውቃል አልኩ። በነጠላዬ ጠቅልዬ በሰያፍ አስገባሁት፣ ዚፑ ተዘጋ።

አባዬ ተመልሶ ሲጠይቀኝ «በደንብ አድርጌ ከትቼዋለሁ» አልኩት። «ተባረኪ» አለኝ።

ሥራ አለብኝ ብዬ ተነሳሁ።

ዛሬ ጠዋት ኤርፖርት።

ካርቶኖቹ ተመዘኑ፣ የአለቃዬ ማንጎ በክብር አለፈ። ግራጫ ሻንጣዬን በሁለት ጣቴ እየጎተትኩ ስቀርብ፣ አንዲት ትሁት ልጅ የእጅ ሻንጣ የሚለካበትን ብረት አሳየችኝና «እዚህ ውስጥ ያስገቡልኝ» አለችኝ።

አስገባሁት። ቆመ።

ገፋሁት። ቆመ። በጉልበቴ ተጫንኩት። ሶልያና «እማዬ ልርዳሽ?» አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ቆሟል፣ አለቃዬ ስልኩን የሚያይ መስሎ እኔን ያያል። ላቤ መጣ።

«ጎማው ነው» አለች ልጅቷ። «ከነጎማው ነው የሚለካው። ችግር የለም፣ ከታች ይጫናል።»

አቶ ሐሚድ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ ይቅርታ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሥቄ እተኛ ነበር። አባዬ ግን ከኋላ መጣ።

«ከታች ከሆነ እንግዲያ ምርኩዟን አውጪልኝ» አለ። «ዕቃ ሲጭኑ ይሰበራል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ እይዛታለሁ።»

አይሰበርም አልኩት። በደንብ ተጠቅልሏል አልኩት። ሰው እየጠበቀ ነው አልኩት። አውጪልኝ አለ።

አያሳልፉህም አልኩት፣ የመጨረሻዋ መደበቂያዬ።

ልጅቷ ሰማችን። «አባባ፣ ምርኩዝ ከሆነማ በእጅዎ ይያዙት፣ ምንም ችግር የለውም» አለች።

ምንም ችግር የለውም!

ሻንጣውን መሬት ላይ አስተኝቼ ከፈትኩት። መጀመሪያ የወጣው ባለ ተረከዝ ጫማዬ ነው። ሌላም ጫማ። የፀጉር መተኮሻ። ለሦስት ቀን አምስት ቀሚስ። ከእነሱ ሥር፣ በሰያፍ፣ በነጠላ የተጠቀለለው።

አባዬ ተቀበለኝና ነጠላውን ፈታው። አየው። ጎማውን አየው። መሬት ላይ አቆመውና እጁን ወደ ደረቱ፣ ልኩን ወደወሰደበት ቦታ አነሳ። እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ። እጀታው ከጭኑ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር።

ሰው ሁሉ ያየናል። እሱ ሰዎቹን አላያቸውም።

«ቀሪዋስ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

የመለሰችለት ሶልያና ናት። ሮዝ ቦርሳዋን ከፈተችና ከአሻንጉሊቷ ሥር ያችን ሁለት ስንዝር አወጣች። ትናንት ከመሬት አንስታ ለአሻንጉሊቷ ትራስ አድርጋት ኖሯል። «አያቴ፣ እኔ ጋ ናት» አለችው።

ተቀበላት። ጉንጯን ሳማትና ቁራጯን ጫፏ ብቅ እንዳለ በኮቱ የውስጥ ኪስ አስገባት። እኔን አልተቆጣኝም። ምነው በሰው ፊት በሰደበኝ፣ እሱ ይቀለኝ ነበር።

ጫማዎቼን መልሼ ከተትኩ። አለቃዬ ቀርቦ «አይዞሽ» አለኝ። ማንጎው አልፎለታል።

አውሮፕላን ውስጥ አስተናጋጇ ምርኩዙን ከአባዬ ተቀብላ ከላይ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ አስተኛችው። አንገቴን ቀና አድርጌ አየሁ። ሳይቆረጥ ሙሉው ምርኩዝ ቢተኛበት እንኳ ቦታ ይተርፈው ነበር።

ለአባዬ የመስኮቱን ወንበር ነው የያዝኩለት። በሕይወቱ የመጀመሪያው በረራ ነው፣ ፊቱን ቪዲዮ ልቀርጽላችሁ ነበር። አንዴም ወደ ውጭ አላየም። እጁን ኪሱ ላይ አድርጎ ከፊቱ ያለውን ወንበር ሲያይ መጣ።

«አባዬ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

«እሷ እኮ ረጅም ናት» አለኝ። «እንዴት አጎንብሳ ልትሄድ ነው?»

እስክንወርድ እጁን ከኪሱ ላይ አላነሳም።

አዲስ አበባ ደርሰን ወደ አክስቴ ልጅ ቤት ሄድን። ታክሲው ሰፈሩ አፍ ላይ ስላወረደን ግራጫ ሻንጣዬን በኮብልስቶን ላይ ጎተትኩ። ከሁለት ጎማዎቹ አንዱ ወለቀ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላው ተከተለው። አሁን ብረቱ ውስጥ በልኩ ይገባል።

በሩ ተከፈተ። አንዲት ትንሽ፣ ጎብጣ ግድግዳ የያዘች አሮጊት ቆማለች።

አባዬ በራሷ ላይ አሳልፎ ወደ ውስጥ አየ። ከኋላዋ የምትመጣ ሌላ ሰው ይጠብቅ ነበር። እታለምን ይጠብቅ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ አረጀህ» አለችው አሮጊቷ።

ድምጿን ያውቀዋል። ስልክ ወደ መንደሩ ከገባ ጀምሮ ያቺን ድምፅ ቆሞ ነው የሰማት። ኮፍያውን አወለቀ። አቀፋት፣ ሊያቅፋት ግን ማጎንበስ ነበረበት። ራሷ ደረቱ ጋ ነው የደረሰው። ሁለቱም አለቀሱ፣ እኛም አለቀስን። ሶልያና ብቻ ነበረች ምን ሆናችሁ የምትለው።

ከተቀመጥን በኋላ እታለም አባዬን አየችው። «ባዶ እጅህን ነው የመጣኸው?» አለችው፣ እንደ ልጅ እያሾፈችበት።

አባዬ ምርኩዙን ከወንበሩ ኋላ ደብቆት ነበር። እኔ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። አመነታና አወጣው።

ያዘችው። እጀታውን ዳሰሰችው። ተነሳች።

በልኳ ነው።

ክርኗ አልታጠፈ፣ ትከሻዋ አልተነሳ፣ በልኳ! ሦስት እርምጃ ሄደች፣ ዞረች፣ ተመለሰች። ልጇ «ሐኪም ያዘዘው አይመስልም?» አለ። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? አባዬን አየሁት። እህቱን አላየም። የሚያየው ከምርኩዙ እጀታ በላይ ያለውን ባዶውን ቦታ ነው። እሱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምርኩዝ የሠራላት ረጅም ሴት እዚያ የለችም።

«ልኬን ማን ነገረህ?» አለችው እታለም።

አባዬ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ።

«ልጄ ናት የለካችልሽ» አለ።

እታለም ጠራችኝ። እጄን ያዘችና፣ የቀኙን፣ መጋዝ የያዘውን፣ በሁለት እጇ አድርጋ «ይባረክ» አለችኝ። ሳመችው።

እውነቱን አልተናገርኩም። «አሜን» አልኩ።

ይኸው ነው የዛሬ ውሎዬ።

ይህን የምጽፍላችሁ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። እታለም ውስጥ ከሶልያና ጋር ናት፣ በምርኩዙ እየዞረች ቤቱን ታሳያታለች። ጎማው ወለሉን ሲመታ ይሰማኛል። ግራጫው ሻንጣ ጥግ ላይ ያለ ጎማ ተቀምጧል። የአለቃዬን ማንጎ አማቱ ሰው ልካ ወስዳለች፣ አንዱም አልተበላሸም።

ቅድም አባዬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ያችን ቁራጭ ከኪሱ አውጥቶ በአውራ ጣቱ ሲያሻት ቆየ። እኔ የቆረጥኩበትን ጫፍ፣ ሸካራውን፣ ያለሰልሳል። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ይገባኝ ነበር።

«ስንመለስ» አለኝ፣ «ለዚችስ ሻንጣሽ ውስጥ ቦታ አለሽ?»

«አለኝ አባዬ» አልኩት።

ተነስቼ ሻንጣውን ባዶ አደረግኩት። ጫማዎቹን፣ መተኮሻውን፣ ቀሚሶቹን ሁሉ አውጥቼ ለአክስቴ ልጅ ሚስት ሰጠኋት። የሚመለሰው ይህችን ቁራጭ ብቻ ይዞ ነው። ለአሶሳ ሰው መልእክት አድርሺ ቢሉኝ እንኳ አልቀበልም።

እና ወዳጆቼ፣ ከዚህ በኋላ ሻንጣ ምረጡልኝ አልላችሁም። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ስንመለስ ፈታሿ ሻንጣውን ከፍታ፣ ሁለት ስንዝር ሽመል ብቻ ተኝቶበት ስታይ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ አባዬ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ፣ ምን ብዬ ልመልስላት?